አይፈለጌ የተባሉት ሦስት ደብዳቤዎች

ሰው ሲቆጣ በጠዋት መነሣት አይከብደውም። ባለ ጆሮውም በዚያ ዕለት ክራቫቱን አጥብቆ፣ ቦርሳውን በብብቱ ሸጉጦ፣ ገና የስልክ መሥሪያ ቤቱ በር ሲከፈት ገባ። ከእሱ የባሰ የተቆጡ ሰዎች ቀድመውት ኖሮ የወረፋ ቁጥሩ አርባ ሦስት ሆነ። ከግድግዳው ጋር ከተያያዙት የብረት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጦ፣ ለባለሥልጣኑ የሚናገረውን በልቡ ያጠና ጀመር።

ቅጽል ስሙ የወጣለት በሥራው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ጆሮ ለከዳቸው ሰዎች የመስሚያ መሣሪያ ሲለካ፣ ሲያስመጣና ሲጠግን ኖሯል። ደንበኞቹ ስልክ ቢደወልላቸው አይሰሙም፤ ስለዚህ ዕቃቸው መድረሱን የሚያስታውቃቸው በጽሑፍ ነው። ድሮ በፖስታ ነበር፣ አሁን በኢሜይል ሆኗል። በስልክ የሚላከውን አጭር መልእክት ግን ማኅተም ስለማያርፍበት ከደብዳቤ አይቆጥረውም። ታዲያ ከጥቂት ወራት ወዲህ የሚልከው ሁሉ መልስ አጣ። ሠላሳ አንድ መሣሪያ ደርሶ በመሳቢያው ውስጥ ተኝቷል፤ ባለቤቶቹ ግን የውኃ ሽታ ሆነዋል። «ሰው ጠልቶኛል ማለት ነው» ብሎ ሱቁን ሊዘጋ ቆርጧል። ከመዝጋቱ በፊት ግን ደብዳቤውን የሚበላበትን ሰው ማወቅ ፈለገ።

ሃያኛው ቁጥር ሲጠራ ጥቁር የለበሰች ሴት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ገና ሲያያት አወቃት፤ የመምህሩ ልጅ ናት። መምህሩ የሃያ ዓመት ደንበኛው ነበሩ። የድሮው መሣሪያቸው ተሰብሮ አዲስ ሲያዙ ይዛቸው የመጣችው እሷ ነበረች። ከደንበኞቹ ሁሉ ዝምታቸው ያንገበገበው የእሳቸው ነው፤ ሦስት ጊዜ ጽፎላቸው «ደርሶኛል» እንኳ አላሉትም።

«እንደምን አደርሽ?» አላት ዐይኑን ከቁጥር ሰሌዳው ሳይነቅል።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«እኔማ አለሁ። አባትሽ እኔን ሞቷል ብለው ትተውኝ እንደሆነ፣ አልሞተም በይልኝ።»

ሴትዮዋ ወደ እሱ ዞረች። «አባዬ ካረፈ ዛሬ ዐሥራ አራት ቀኑ ነው» አለች።

ከአፍ የወጣ ነገር አይመለስም። ባለ ጆሮው ብድግ አለ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። «እግዜር ያጥናሽ ልጄ። አልሰማሁም። እኔ ክፉ ሰው፣ ምን ተናገርኩ!»

«ምን ያድርጉ፣ አላወቁም። የመጣሁት የስልክ ቁጥሩን ላዘጋ ነው። ሁለት ጊዜ እስከ በሩ መጥቼ ተመልሻለሁ።»

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እሱ ለቅሶውን ደርሶ ይለያዩ ነበር። ነገር ግን ሁለቱም በልባቸው የያዙት ቅሬታ ነበረና፣ ሐዘንም ቅሬታን አያስቀረውምና፣ ሴትዮዋ ቀጠለች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አይቀየሙኝ። መሣሪያውን ለምን እንዲህ አዘገዩት? ያን ሁሉ ቀን ስልኩን በየሰዓቱ እየከፈተ የእርስዎን መልእክት ሲፈልግ ነው የባጀው።»

«እኔ አዘገየሁት? መሣሪያው ከደረሰ አንድ ወር ሊሞላው ነው! ሦስት ደብዳቤ ልኬ መልስ የነሱኝ እሳቸው ናቸው!»

«አንድም አልደረሰም፣ ጋሼ።»

«በቀይ ቀለም ጽፌ፣ ማኅተም አሳርፌበት! እንዴት አይደርስም?»

ሴትዮዋ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ለሕሙማን የቀጠሮ መልእክት የሚያደርሰውን ክፍል የምትመራ ናት። የሚለውን ስትሰማ ፊቷ ላይ አንድ ነገር አለፈ። ቀስ ብላ የአባቷን ስልክ ከቦርሳዋ አወጣች፤ ጥቂት ቦታ ነካካችና ቀጥ አለች። ከዚያ ስልኩን አዙራ አሳየችው።

ባለ ጆሮው መነጽሩን አድርጎ አየ። መምህሩ ያልቆረጡት ሎተሪ ወጥቶላቸዋል። ራሰ በራን በሦስት ቀን ጠጉራም የሚያደርግ ቅባት ቀርቦላቸዋል። የማያውቁት አንድ መስፍን ውርሱን ሊያካፍላቸው ለምኗቸዋል። በእነዚህ መካከል፣ የሱቁን ስም ለጥፈው፣ የእሱ ሦስት ደብዳቤዎች ተቀምጠዋል።

«ይኼ ክፍል ምን ይባላል?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አይፈለጌ መልእክት ይባላል። ብዙ ሰው ስፓም ይለዋል።»

«አይፈለጌ?» ቃሏን በአፉ ውስጥ አገላበጣት። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ጆሮ አገልግሎ በመጨረሻ የወጣለት ስም ይኸው ነው። «እኔ ነኝ አይፈለጌ?»

«ሠላሳ ቀን ይቆይና ራሱ ያጠፋዋል። የመጀመሪያው ከነገ ወዲያ ይጠፋ ነበር» አለች ሴትዮዋ፤ እንባዋም መጣ። «የመጨረሻዎቹን ቀናት በትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየጻፍኩ ነው ያነጋገርኩት። ‹ህመሙ በረታብህ ወይ?› ብዬ ብጽፍለት፣ ጠመኔውን ተቀብሎኝ ‹ሕመም› በሐመሩ ‹ሐ› ነው ብሎ አረመኝ። እሱ ይቀልዳል፤ እኔ ግን ድምፄን እንዲሰማ ነበር የፈለግኩት። አንዲት ጊዜ ‹አባዬ› ስለው ሰምቶ ዞር እንዲል።»

ወረፋው አርባ አንድ ደርሶ ነበር። ባለ ጆሮው ግን የሚከሰው ሰው ስላጣ ቁጥሩን አጣጥፎ በኪሱ ከተተና «ልጄ፣ ወደ ሱቄ እንሂድ። አደራሽን፣ ምን እንዳጠፋሁ አሳይኝ» አላት።

ሱቁ ከአንድ ጥርስ ሐኪም ቤት በታች ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ድምፅ እንዳይገባ በሩ በስፖንጅ ተለብዷል፤ በጠረጴዛው ላይ የጆሮ ቅርጽ የሚወጣበት ሊጥ መሳይ ነገር፣ የጥፍር ሞረድ የሚያካክሉ ሞረዶችና አንድ ያረጀ ኮምፒውተር አሉ። ከኮምፒውተሩ በላይ የጽሕፈት ሠራተኛ የነበሩት አባቱ በእጃቸው የጻፉት ቃል በመስታወት ተሰቅሏል። «ማኅተም የሌለው ደብዳቤ፣ ፊት የሌለው ሰው ነው» ይላል።

ሴትዮዋ የላከውን ከፈተች። ርእሱ «አስቸኳይ!!! አስቸኳይ!!! አስቸኳይ!!!» ነበር። ከሥሩ አንዲት ቃል የለም፤ ተያይዞ የመጣው በማሽን ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ፎቶግራፍ የተነሣ ደብዳቤ ነው።

«ጋሼ፣ የእያንዳንዱን ሰው የመልእክት ሳጥን የሚጠብቅ አንድ ዘበኛ አለ ይበሉ» አለች። «ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው። እርስዎን አያውቅዎትም። አንድ ሰው ‹አስቸኳይ፣ አስቸኳይ› እያለ እየጮኸ ቢመጣበት፣ ፊቱን ቢሸፍን፣ ምን ያስባል?»

«ፊቴን የት ሸፈንኩ? ማኅተሜ እኮ አለበት!»

«ማኅተሙ ያለው ሥዕሉ ላይ ነው። ዘበኛው እንደ ሰው ቁጭ ብሎ ሥዕል አያነብም፤ ጽሑፍ ነው የሚፈልገው። ከእርስዎ ያገኘው ጩኸትና አንድ ሥዕል ብቻ ነው።»

«ጉዳዩ አስቸኳይ ስለሆነ ነዋ አስቸኳይ ያልኩት! የሰው ጆሮ እኮ ነው!»

ሴትዮዋ የአባቷን ስልክ አቀረበችለት። «ይቁጠሩ። ሎተሪው አስቸኳይ ይላል። ቅባቱም አስቸኳይ። መስፍኑም አስቸኳይ። ሌባ ሁሉ ቸኩሏል፣ ጋሼ። እውነተኛውን ጉዳይ ከእነሱ የሚለየው ዝግ ብሎ መናገሩ ነው።»

ሽማግሌ በቀላሉ አይረታም፤ ሠላሳ አራት ዓመት በትክክል የሠራ ሽማግሌ ደግሞ ይብሳል። «እንዲያውስ ሌባው ባጠፋ እኔ የምታሰረው ለምንድን ነው?» አለ። «ዘበኛው ሰው መለየት ይማር እንጂ እኔ በስተርጅና ምን እማራለሁ?»

«ዘበኛውን እርስዎም እኔም አልቀጠርነው፤ ልናባርረውም አንችልም። ግን ልክ እንዳልሆነ እሺ ልበልዎ። እስኪማር ድረስ ደንበኞችዎ ሳይሰሙ ይቆዩ?»

ባለ ጆሮው ከጠረጴዛው አንድ ሞረድ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ። እሷም የአድራሻ ዝርዝሩን እያየች ጠየቀችው። «በየሰኞው ለሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው በአንዴ የሚሄደው ምንድን ነው?»

ባለ ጆሮው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ በራ። «እሱማ ‹የሰኞ ምክር› ነው! ስለ ጆሮ አያያዝ የምጽፈው። ጥጥ አታግቡ፣ ክብሪት አትክተቱ እያልኩ።»

«ጠይቀውዎት ነው?»

«ምክር ተጠይቆ ነው እንዴ የሚሰጠው?»

«ጋሼ፣ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባል የለ? ተዉን ያለ ሰው የለም?»

«ሦስት ሰዎች እባክዎ ይተዉን ብለው ጽፈውልኝ ነበር። ባለጌዎች ብዬ ዝም አልኳቸው።»

«እነሱ ግን ዝም አላሉዎትም። ‹አይፈለጌ› የምትለዋን ቁልፍ ተጫኑ፤ ሌሎችም እንዲሁ። ያቺን የሚጫን ሰው በበዛ ቁጥር ዘበኛው ስምዎን በክፉ ይይዘዋል። ምክሩን ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ የሚልኩትን ሁሉ ይጠረጥራል። ለአባዬ የላኩትን ጭምር። በዚያ ላይ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የሞቱ አሉ፤ አድራሻቸው የተዘጋ አሉ። ወደ ተዘጋ ቤት ደጋግሞ የሚያንኳኳ ሰው ያጠራጥራል። ይኼን ሁሉ እርስዎ አልሰሙም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

ባለ ጆሮው ወደ አባቱ ጽሑፍ ቀና ብሎ አየ። «ያሳደገኝን ሥርዓት ጣል ነው የምትይኝ?»

«አልልም» አለችና ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላት። «ጋሼ፣ የራስዎንስ የአይፈለጌ ክፍል ከፍተው ያውቃሉ?»

«ስሙ አይፈለጌ ተብሎ ምን ፍለጋ እገባለሁ?»

ከፈተችው። ሎተሪው እሱንም ደርሶታል። ወረድ ስትል ከአባቷ አድራሻ የመጣ፣ ርእስ የሌለው፣ ጽሑፍ የሌለው፣ አንድ ሥዕል ብቻ የያዘ መልእክት አገኘች። መምህሩም የዚያው ዘመን ሰው ናቸው፤ በመስመር ወረቀት ላይ በሚያምረው የእጅ ጽሑፋቸው ጽፈው ፎቶግራፍ አንሥተው ነበር የላኩት። ከሞቱ ዐሥራ አራት ቀን፣ ከጻፉት ደግሞ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።

ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረችለት። እሱ ራሱ አነበበው።

«ይድረስ ለተከበሩ ባለ ጆሮው። ጤናዎ እንዴት ነው? መሣሪያው ቢዘገይ ግድ የለም፤ እኔ ዝምታውን እየለመድኩት ነው። ያሳሰበኝ የእርስዎ ዝምታ ነው። ሃያ ዓመት ቀጠሮ አፍርሰው አያውቁምና ታመው እንዳይሆን ሰጋሁ። ልጄን ልልካት አስቤ፣ በሰው በር ቆሞ መጠየቅ መነዝነዝ ይመስላል ብዬ ተውኩት። ደህና ከሆኑ አንዲት ቃል ይጻፉልኝ።»

ሁለት ጨዋ ሰዎች አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ፣ ሁለቱም በየፊናቸው ጽፈው፣ የሁለቱም ወረቀት በአንድ ዓይነት ጉድጓድ ቀርቷል። አንዱ በዝምታው ሲቀየም፣ ሌላው በዝምታው ይሰጋ ነበር።

«ቤታቸው እኮ በአንድ አውቶቡስ ነው» አለ ባለ ጆሮው በመጨረሻ። «መሣሪያውን በኪሴ ይዤ ብሄድ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር። ሦስተኛውን ጽፌ መልስ ሳጣ፣ ይኼ ሰውዬ ንቆኛል ብዬ ተኮፍሼ ቁጭ አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት እኔ ነኝ። ኩራቴ ነው እሳቸውን ያደነቆራቸው።»

«ጥፋቱን ለብቻዎ አይውሰዱት» አለች። «ሥራዬ ይኼ ነው። ስንት ሺህ ሰው መልእክቱ ደረሰው አልደረሰው እያልኩ ስጨነቅ ውዬ ማታ ቤቴ እገባለሁ። የገዛ አባቴን ስልክ ግን አንድ ቀን ከፍቼ ያንን ክፍል አላየሁለትም። ዛሬ ማየቴ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።»

ባለ ጆሮው መነጽሩን ጠረገ፤ ወንበሩንም ለእሷ ለቀቀላት። «አስተምሪኝ» አላት። «ለእሳቸው አልደረስንም። ሠላሳ ሰው ግን ገና ይጠብቀኛል።»

ከዚያ በኋላ ለአምስት ቀን ከሥራ ስትወጣ ትመጣ ነበር። በመጀመሪያ ማንም በነጻ ከሚያወጣው አድራሻ አስወጥታ በሱቁ ስም የራሱን አድራሻ አስመዘገበችለት። ሦስት መዝገቦችም አስገባችለት። አንደኛው በሱቁ ስም ደብዳቤ እንዲያመላልሱ የተፈቀደላቸው ማሽኖች እነማን እንደሆኑ ለዘበኞች ሁሉ ያስታውቃል። ሁለተኛው በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ማንም ሊያስመስለው የማይችል ምልክት ያሳርፋል። ሦስተኛው፣ ምልክቱ የሌለውና በስሙ የሚነግድ ደብዳቤ ቢመጣ ምን እንዲደረግ ያዛል።

ሁለተኛውን ስታስረዳው ባለ ጆሮው አቋረጣት። «ቆይ ቆይ! ይኼማ ማኅተም ነው!»

«ማኅተም ነው፣ ጋሼ። ዐይን አያየውም እንጂ። አባትዎ ልክ ነበሩ፤ እርስዎ ያሳረፉት ዘበኛው በማያይበት ቦታ ሆኖ ነው።»

በልቡ ቀርታ የነበረችው የመጨረሻዋ ጥርጣሬ ያን ጊዜ ወደቀች። የአባቱን ቃል ከግድግዳ ሳያወርድ መለወጥ እንደሚችል አወቀ። ሰው የኖረበትን ትቶ ና ሲሉት ይገተራል፤ የኖረበትን ይዞ መሻገር እንደሚቻል ሲያሳዩት ግን በገዛ እግሩ ይሄዳል። ይህን ለሚያስተምሩ ሁሉ ማስታወስ ደግ ነው።

«የሰኞ ምክር» ፈልጌዋለሁ ላሉ ዐሥራ ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ሆነ፤ ከግርጌው «ከሰለችዎ እዚህ ይጫኑ፣ አንቀየምም» የሚል ተጨመረበት። የሞቱትን ከዝርዝሩ አንድ በአንድ ሰረዘ፤ በየስሙ ላይ ትንሽ እየቆመ። ለሠላሳዎቹ በጅምላ ሳይሆን ለየብቻቸው፣ በስማቸው እየጠራ ጻፈ። ርእሱ «የመስሚያ መሣሪያዎ ደርሷል» ብቻ ነበር። ሥዕል የለም፤ ቀይ ቀለም የለም፤ ሱቁ የት እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚከፈት የሚናገር አራት መስመር ጽሑፍ ብቻ።

በአንድ ሳምንት ሃያ አራቱ መለሱ። ለቀሩት ስድስት አውቶቡስ ተሳፍሮ ቤታቸው ድረስ ሄደ፤ አራቱን አገኛቸው። አንዲት ልብስ ሰፊ መሣሪያዋን ጆሮዋ ላይ ስታደርግ «ማሽኔ እንዲህ ይንጫጫ ነበር ለካ! ጎረቤቶቼ እንዴት ቻሉኝ?» ብላ ሳቀች። ብዙዎቹ ግን የተናገሩት አንድ ዓይነት ነበር፤ «እኛኮ እርስዎ የረሱን መስሎን ተቀይመን ነበር» አሉ። ባለ ጆሮው ይህን በሰማ ቁጥር ደስ ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ አንገቱን ይደፋል።

አሁን አዲስ ደንበኛ ሲመጣ፣ ጆሮውን ከመለካቱ በፊት የሱቁን አድራሻ በስልኩ እንዲመዘግብና እዚያው ተቀምጦ «ደርሶኛል» የምትል አንዲት ቃል እንዲልክለት ያደርገዋል፤ ዘበኛው የሚያውቀውን ሰው አያባርርምና። ሁልጊዜ ጠዋትም ከሁሉ በፊት የራሱን የአይፈለጌ ክፍል ከፍቶ ያያል። ጽፎ በሰባት ቀን መልስ ካላገኘ ንቀውኛል አይልም፤ ኮቱን ይለብሳል። በዚህም ሱቁ ከመዘጋት ዳነ፤ ሃያ ስምንት ሰውም የልጆቹን ድምፅ መስማት ጀመረ። መልእክት የሚልክ ሁሉ፣ መላኩን ብቻ ሳይሆን መድረሱን ቢያስብ፣ ስንት ቅያሜ በከንቱ ባልተፈጠረ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሴትዮዋ በረፋድ ብቅ አለች። የአባቷን ስልክ በእጇ ይዛለች።

«ዛሬስ ላዘጋው ነው» አለች። «በመንገዴ ልሰናበትዎ ብዬ ነው።»

«ከዝርዝሩ ያልሰረዝኩት አንድ ስም አለ» አላት ባለ ጆሮው። «አውቃለሁ፣ ለሞተ ሰው አድራሻ መጻፍ ስህተት ነው ብለሽኛል። ግን ደብዳቤያቸው መልስ አላገኘም። አንዲት ቃል ይጻፉልኝ ነው ያሉኝ።»

እሷም በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ባለ ጆሮው በሁለት ጣቱ፣ ቀስ እያለ ጻፈ። ርእሱ «ይቅርታ» ነበር። ከሥሩም «መምህር፣ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እኔ ደህና ነኝ። መሣሪያዎ ደርሷል» አለና ላከው።

ሁለቱም ስልኩን እያዩ ጠበቁ። በእጇ ያለው ስልክ አንዴ ጮኸ። ከፈተችው።

«የት ገባ?» አላት።

«ከእኛ ከልጆቹ መልእክት አጠገብ ነው፣ ጋሼ» አለች። «ደርሷል።»

ባለ ጆሮው ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። የመምህሩን አድራሻ ፈልጎ አገኘና በገዛ እጁ ሰረዘው።